ሀዋሳ፣ የሰሜኑ መብራት እና አልያዝ ያለኝ ፊክስ

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጣን፣ እኔና ረዳቴ፣ ከኋላ ቤዙ ሮቨሩ (በሳተላይት የሚለኩ የጂፒኤስ መሳሪያዎች ናቸው፣ ቤዙ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቆማል፣ ሮቨሩን ይዘን እንዞራለን) ትሪፖዱ ችካሉ ምናምን ተጭኖ። ቀያሽ ነኝ። ስራው ከሀዋሳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ መሬት ላይ ወሰንና ከፍታ መልቀም ነው። ስለመንገዱ ብዙ አላወራም፣ ሞጆ ላይ ታጥፈህ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ በቃ 275 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሻሸመኔ ላይ ብቻ ባጃጁና ጋሪው ተደባልቆ ከከተማው ለመውጣት የፈጀብን ጊዜ ከባቱ እስከዛ ከመጣንበት የሚያንስ አይመስለኝም (እያጋነንኩ ነው፣ ግን ትንሽ ብቻ)።

ያረፍነው አጎቴ ቤት ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመብራት ሰራተኛ ነበሩ፣ ትራንስፎርመር ሲጠግኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ልጃቸው ደሞ ለመስቀል ከኖርዌይ መጥታ ገና አልተመለሰችም። የምትኖረው ትሮምሶ ነው፣ 69 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ያለች ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሰራው። እራት በልተን ቡና እየተፈላ ስልኳን አውጥታ የሰሜኑን መብራት፣ አውሮራ የሚባለውን፣ ቪድዮ ማሳየት ጀመረች፣ አረንጓዴ መጋረጃ የመሰለ ነገር ሰማዩን ሞልቶ ሲውለበለብ፣ ከስር ከስሩ ሮዝ ጠርዝ ያለው፣ ከማታ ፈረቃ ወጥታ አውቶብስ ስትጠብቅ የቀረጸችው ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩትና፣

"ታዲያ ይሄ ነገር እኛ ጋ የማይመጣው ምን በድለን ነው?" አሉ።

"አባዬ ከጸሀይ የሚመጣ ነገር ነው፣ ዋልታዎቹ ላይ ብቻ ነው የሚወርደው" አለች።

እሳቸው አልረኩም፣ ጸሀይዋማ እኛ ጋ ነው የምትበረታው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን እኔ ስነዳ የዋልኩ ሰው ነኝ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ እየወሰደኝ ስለነበር ነገ እንነጋገራለን ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ጠዋት እንዴት ደስ የሚል ስራ ነበር። ቤዙን ተክለን ሮቨሩን ስንከፍት ከ20 በላይ ሳተላይት፣ ፊክስ ወዲያው (መሳሪያው ቦታውን በእርግጠኝነት ያዘ ማለት ነው)፣ ስህተቱ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር። ግን ወሰኑን የሚያሳዩን ሽማግሌዎች የመጡት ከምሳ በኋላ ነው፣ መጥተውም ደሞ አንደኛው ግራር ጋ ነው ሲል ሌላኛው ኧረ ከቦዩ ወዲህ ነው እያለ ሰዓቱ ነጎደ። ነገ ግሬደር ስለሚገባ ዛሬውኑ ጨርሱ ተባልን፣ ስለዚ ጸሀይ ስትጠልቅ በመኪና መብራት ቀጠልን።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጉዱ ጀመረ። ፊክስ የነበረው ፍሎት ሆነ፣ ግምት ብቻ ማለት ነው። ተመልሶ ፊክስ፣ ከዛ ፍሎት። ሳተላይቶቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ። አንዱን ችካል ሁለቴ ብንለካው ከፍታው ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ልዩነት አመጣ። ረዳቴ መጀመሪያ ባትሪውን ቀየረ፣ ከዛ የቤዙን ሬድዮ ጠረጠረ፣ ከዛ አንቴናውን ፈቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አሰረው፣ መጨረሻ ላይ ዛፉ ነው አለ፣ ዛፍ ደሞ በአቅራቢያችን የለም።

እኔ ግን ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ሰሞን፣ ከመሸ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንዲህ የሚያደርግ ሰማይ ነው ያለን። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የጂፒኤስ ሳተላይት ያለው 20,200 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ምልክቱ ወደኛ ሲመጣ ከ80 ኪሎሜትር ምናምን ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎሜትር ያለውን አዮኖስፌር የሚባለውን ንብርብር ማቋረጥ አለበት፣ እዛ ያለውን አየር ቀን ላይ የጸሀይ ጨረር ኤሌክትሮኑን እየነቀለ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ ያደርገዋል። ጸሀይ ስትጠልቅ የታችኛው ክፍል ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ተመልሰው ይገጥሙና ይሳሳል፣ የላይኛው ግን እንደወፈረ ያመሻል። ከላይ ከባድ ከታች ቀላል ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚ ቀላሉ ከባዱን እየበሳ ሽቅብ ይወጣል፣ ባዶ ባዶ የሆኑ ጉድጓዶች እየሰራ አንዳንዴ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ድረስ። የሳተላይቱ ምልክት እነዚህን ሲያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፣ መሳሪያው ይለቀዋል። እኔ የምሞላው ፎርም ላይ ደሞ "የሰማይ ችግር" የሚል ሳጥን የለም።

ይሄ ጣጣ ዋና ቤቱ የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር (የኮምፓስ መርፌ ወደ ታች ሳያዘነብል ጋደም የሚልበት) ግራና ቀኝ ያለው አገር ነው፣ መስመሩም ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ። ጸሀይ እረፍት ባጣችበት ዘመን ደሞ ይብሳል፣ ጸሀይ በ11 ዓመት ገደማ እየተመላለሰች የምትጋጋልበት ዑደት አላት፣ የቅርቡ ጡዘት በ2024 አካባቢ ነው (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሰበሰብኩ። ባለቤቱ ተቆጣ፣ ይቆጣ፣ ግማሽ ሜትር የሳተ ከፍታ ይዞ ግሬደር ቢገባበት የሚቆጣው ከዚህ በላይ ነው።

ቅዳሜ

ግሬደሩ ራሱ አልመጣም! ኦፕሬተሩ ሰኞ ነው አለ። በቃ የአጎቴን ልጅ ይዤ አሞራ ገደል አሳ ልበላ ሄድኩ።

አሞራ ገደልን የማያውቅ ካለ፣ ጀልባዎቹ ጠዋት የሚገቡበት የሀይቁ ዳር ነው። ልጆቹ በሽርፍራፊ እንጨት ላይ ቆሮሶውን አስተኝተው ሁለት ጊዜ ቢላ ካሳለፉበት በኋላ ቆዳውን በጥርሳቸው ነክሰው ባንዴ ይገፉታል፣ እጃቸውን ማየት ብቻ ያስቀናል፣ አንጀቱን ወደኋላ ሲወረውሩት አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመው የሚጠብቁት እሱን ነው። የተጠበሰ አዘዝን፣ ዳጣና ዳቦ መጣ። ከዛ የሐሙሱን ጥያቄ አነሳሁባት።

መጀመሪያ እሷ የነገረችኝን ልጻፍ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ከምናየው ይለያል። አብዛኛውን ቀን በዓይን ስታየው ያን ያህል አረንጓዴ አይደለም፣ ግራጫ ደመና ይመስላል አለች፣ አዲስ የመጣ ሰው ደመና ነው ብሎ አልፎት ይሄዳል፣ ስልክ ስትደቅንበት ግን አረንጓዴ ይሆናል። ይሄ የስልኩ ውሸት አይደለም፣ ዓይናችን በደካማ ብርሀን ቀለም መለየት ስለማይችል ነው። ሲበረታ ግን ቀለሙን በዓይንህ ታየዋለህ፣ ከአናትህ በላይ ይፈነዳል፣ ያኔ አስር ዓመት የኖረ ሰው ራሱ ቆሞ ያያል አለች። ብርዱ ነው እንጂ።

አሁን ሳይንሱ። "ከጸሀይ መጥቶ ዋልታ ላይ ይወርዳል" የሚለው መልስ በየቦታው አለ፣ ሀሰት አይደለም፣ ግን ዋናውን ነገር ይዘላል። ጸሀይ ሁሌም ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ትተፋለች፣ በሰከንድ 400 ኪሎሜትር ገደማ እየበረረ፣ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትሩን ለመጨረስ አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። መሬት ጋ ሲደርስ የመሬት ማግኔት ይመክተዋል፣ አብዛኛው ዙሪያውን ታክኮ ያልፋል፣ እያለፈም የማግኔቱን መስመሮች ጎትቶ በሌሊቱ በኩል እንደ ጅራት ያስረዝማቸዋል። ጅራቱ ጉልበት ያጠራቅማል። የሆነ ሰዓት ላይ የተለጠጡት መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ይቀጠላሉ፣ ያኔ ኤሌክትሮኖቹ ወደ መሬት ተመልሰው ይወረወራሉ፣ መንገድ ላይም ይበልጥ ይፋጠናሉ። ስለዚ ትሮምሶ ላይ ሌሊት የሚበራው ነገር በቀጥታ ከፊት የመጣ ሳይሆን ከኋላ ዞሮ የመጣ ነው። ይሄን ስነግራት "ለዛ ነዋ እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚብሰው" አለች፣ ልክ ናት።

የሚወርደውም ዋልታው እምብርት ላይ አይደለም፣ በማግኔቱ ዋልታ ዙሪያ እንደ ቀለበት ባለ ቦታ ላይ ነው፣ ትሮምሶ ደሞ ቀለበቱ ስር ናት። ደቡብ ላይም እንደዛው ቀለበት አለ፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚበሩት፣ የደቡቡ ስሙ ያልገነነው ቀለበቱ አንታርክቲካና ውቅያኖስ ላይ ስለሚያርፍ ነው፣ ማን ያየዋል፣ ፔንግዊን ካልሆነ። የታዝማኒያና የደቡብ ኒውዚላንድ ሰው አልፎ አልፎ ያያል። በግንቦት 2024 በተነሳው ማዕበል ጊዜ ግን፣ ከ2003 ወዲህ ከፍተኛው ደረጃ የተሰጠው ያ ማዕበል፣ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ታይቷል።

ቀለሙ ላይ ስንደርስ ቁመቱን ለማስረዳት የመጣሁበትን መንገድ ተጠቀምኩ። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ያለውን አስፋልት ቀጥ አድርገሽ ወደ ሰማይ አቁሚው። ሞጆን አለፍ እስክትይ ድረስ ምንም የለም፣ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ እዛ ሳይደርሱ ያልቃሉ። 100 ኪሎሜትር አካባቢ ናይትሮጅኑ ሮዝና ሀምራዊ ጠርዝ ይሰራል፣ ከዛ እስከ መቂና ባቱ አረንጓዴው ነው፣ ከአርሲ ነገሌ ወዲያ ሀዋሳን አልፎ ቀዩ። ጠፈርተኞቹ ያሉበት ጣቢያ 400 ኪሎሜትር ላይ ስለሆነ ይርጋጨፌ አካባቢ ቡና እየጠጡ ቁልቁል ያዩታል።

አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ኦክስጅን ነው፣ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ኤሌክትሮን የመታው የኦክስጅን አቶም የተቀበለውን ጉልበት በብርሀን መልክ ይመልሳል፣ ግን ወዲያው አይደለም። አረንጓዴውን ለመልቀቅ አንድ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቀዩን ለመልቀቅ ግን ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከማንም ጋር ሳይጋጭ መቆየት አለበት ማለት ነው፣ ከተጋጨ ጉልበቱን ያስረክብና ብርሀኑ ይቀራል። ታች አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነካኩህ መቆም አይታሰብም። ለዛ ነው ቀዩ ከፍ ብሎ ብቻ የሚገኘው፣ ከአርሲ ነገሌ ወዲያ አቶሞቹ ተራርቀው ስለሚኖሩ። አረንጓዴው ብርሀን የኦክስጅን መሆኑ ራሱ የታወቀው በ1925 ቶሮንቶ ውስጥ ነው፣ ከዛ በፊት ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ኖሯል።

አውሮራን የሚያመጣው ኤሌክትሮን መሆኑን ቀድሞ የጠረጠረው ግን የነሱው የኖርዌይ ሰው ነው፣ ክርስቲያን ቢርክላንድ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ አየር በወጣለት ሳጥን ውስጥ ማግኔት ያለው ትንሽ ኳስ አስቀምጦ ኤሌክትሮን ሲለቅበት በኳሱ ዋልታዎች ዙሪያ የሚበራ ቀለበት አየ። ስሙን ስጠራው አወቀችው! የድሮው የኖርዌይ 200 ክሮነር ኖት ላይ ያለው ሰውዬ ነው አለች፣ እኔ ስሄድ በሱ ነበር የምንገበያየው፣ በ2017 አወጡትና በቦታው አሳ አስገቡ። እውነትም አሳ፣ ኮድ የሚባለው። የበላነውን ቆሮሶ አጥንት እያየን ሳቅን።

እሁድ

ጠዋት ገብርኤል ተሳልመን፣ ከሰዓት ቤት። ጋሼ መልሳቸውን ይጠብቃሉ።

ለሳቸው የጀመርኩት ከኮምፓስ ነው። የጂኦሎጂ ኮምፓስ ያየ ሰው መርፌው ላይ የተጠመጠመች ቀጭን ሽቦ ያውቃል፣ ሚዛን ናት፣ ምክንያቱም የመሬት ማግኔት መርፌውን ወደ ሰሜን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይጎትተዋል። ትሮምሶ ላይ መርፌውን ነጻ ብትለቀው 78 ዲግሪ ገደማ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል፣ እኛ ጋ ግን ጋደም እንዳለ ነው፣ ሀዋሳ ላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚያዘነብለው። በኤሌክትሪክ የተሞላ ነገር ደሞ የማግኔት መስመርን እየተጠመጠመበት ተከትሎ ይሄዳል እንጂ እንደልቡ አያቋርጠውም። ትሮምሶ ላይ ከመሬት የሚወጣው መስመር ሽቅብ ተወርውሮ እስከዛ ጅራት ድረስ ይደርሳል፣ ስለዚ ከጅራቱ የተለቀቀው ኤሌክትሮን በሱ ላይ ቁልቁል ይመጣል። ከኛ በላይ ያለው መስመር ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደተጋደመ ነው የሚያልፈው፣ ጅራቱ ጋ አይደርስም፣ ቁልቁል የሚያወርድ መንገድ የለም። ጋሼ ትንሽ አሰቡና "መስመር አልተዘረጋልንም በለኛ" አሉ። በቃ ይሄው ነው፣ እኔ ለሰዓታት ያወራሁትን በሶስት ቃል ጨረሱት።

ግን ሰማያችን ባዶ አይደለም ጋሼ አልኳቸው። ያው መስመሩ ስለተጋደመ ቀን ቀን 105 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚፈስ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፣ የማግኔት ወገቡን ተከትሎ ዓለምን የሚዞር፣ እኛ ጋ ሲደርስ በላያችን ያልፋል። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው በዋናነት ለዚሁ ነው፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ሰሞን፣ ፒየር ጉዋን በሚባል ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን አማካኝነት፣ አዲስ አበባ ለማግኔት ወገብ ቅርብ ስለሆነች። ብዙ ሰው የሚያውቀው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው፣ መነሻው ግን ማግኔት ነው።

ከዛ ወሬው ወደ ጋሼ ሙያ ሄደ። በ1859 ካሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ጸሀይ ላይ ድንገተኛ ብልጭታ አየ፣ አንድ ቀን ሳይሞላ የመሬት ማግኔት ተናወጠ፣ አሜሪካ ውስጥ ቦስተንና ፖርትላንድ ያሉ የቴሌግራፍ ሰራተኞች ባትሪያቸውን ነቅለው ሰማዩ ሽቦው ውስጥ ባስገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ተነጋገሩ። ጋሼ ይሄን አላምንም አሉ፣ ሽቦው ስንት ኪሎሜትር ነው ብለው ጠየቁ፣ ከ150 በላይ ስላቸው ዝም አሉ፣ ከዛ ራሳቸው ማስረዳት ጀመሩ። ማግኔቱ ቀስ እያለ ሲለዋወጥ ረጅም መስመር ላይ ቀጥተኛ የመሰለ ከረንት ይገባል፣ ትራንስፎርመር ደሞ የተሰራው ለተለዋዋጭ ነው፣ ኮሩ (ውስጡ ያለው ብረት) በማግኔት ይጠግባል፣ ይግላል፣ ይጮሀል፣ መከላከያው ይቆርጣል። በትክክል በፈረንጆቹ መጋቢት 13 ቀን 1989 ካናዳ ኩቤክ የሆነው እሱ ነው፣ መላው መስመር በ90 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደቀ፣ ስድስት ሚሊዮን ሰው ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆየ።

"ዘጠኝ ሰዓት ብቻ?" አሉ ጋሼ። "ለዘጠኝ ሰዓት ነው መጽሀፍ የሚጻፍበት?"

ማታ እኔና የአጎቴ ልጅ ካሜራዋን ይዘን ከከተማ ወጣ አልን፣ መብራት የሌለበት ሜዳ ላይ ትሪፖድ ተክለን (የኔ የስራ ትሪፖድ ነው፣ ለካሜራ እንዲሆን በፕላስተር አስረነው)። የፈለግነው ምን መሰላችሁ፣ ያ የአውሮራው አረንጓዴ ብርሀን (የሞገዱ ርዝመት 557.7 ናኖሜትር የሆነው) እኛም ጋ ስላለ ነው። ቀን ላይ የጸሀይ ጨረር የኦክስጅን ሞለኪውልን ይሰነጥቀዋል፣ ሌሊት አቶሞቹ ተመልሰው ሲገጥሙ የተረፈውን ጉልበት ሌላ አቶም ይወስድና አረንጓዴ ያበራል፣ 95 ኪሎሜትር አካባቢ፣ የመሬትን ዙሪያ ሁሉ። አውሮራ አይደለም፣ ሰማዩ ራሱ ነው የሚያበራው፣ በጣም ደካማ ስለሆነ ነው በዓይን የማይታየን። አንግስትሮም የሚባለው ስዊድናዊ በ1868 አውሮራ በሌለበት ሰማይ ላይ ያንኑ አረንጓዴ ብርሀን አይቶታል።

30 ሰከንድ ከፍተን የወጣው ፎቶ ላይ በከተማው በኩል ብርቱካናማ ነው፣ አይረባም። በሌላኛው በኩል ግን ከአድማሱ ከፍ ብሎ የጥቁር ሰማዩ ጥቁረት ትንሽ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል፣ ጭረት ጭረት ያለው። አጉላ አጉላ እያልን አየነው። እሷ "ይሄን ለትሮምሶ ሰው ባሳይ ይስቅብኛል" አለች፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ሰኞ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይት ገባን፣ ፊክስ ወዲያው፣ የቀሩትን ነጥቦች ለቅመን 4 ሰዓት ሳይሞላ ቤዙን ነቀልን። ግሬደሩም መጣ።

ለሙያ ጓደኞቼ፣ በመጋቢትና በመስከረም ሰሞን ከመሸ በኋላ በአርቲኬ (በቤዝና ሮቨር የምንሰራው ልኬት) ከፍታ አትልቀሙ፣ ግድ ከሆነ ቶታል ስቴሽን (ያለ ሳተላይት በጨረር የሚለካውን) አውጡ፣ እሱ ሰማይ አይጠይቅም። ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ በዛ የ2024 ማዕበል ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ትራክተራቸውን በጂፒኤስ የሚነዱ ገበሬዎች ዘር መዝራት አቁመው ነበር። ልዩነቱ ችግሩ እነሱ ጋ የሚመጣው ማዕበል ሲነሳ ነው፣ እኛ ጋ ያለማዕበልም ይመጣል።

መብራቱን ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ደሞ የአጎቴ ልጅ ያለችው፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ሰኔና ሀምሌ ጸሀይ ጭራሽ ስለማትጠልቅ ሰማዩ ቢበራም አይታይም፣ ሆቴል ስትይዙም ቢያንስ ለጥቂት ሌሊት ያዙ ምክንያቱም ደመና ካለ አለቀ። ጋሼ ይሄን ሰምተው የክረምት ጫማ ስንት ነው ብለው መጠየቅ ጀምረዋል፣ እሷ ደሞ ቪዛው ይቅደም አባዬ እያለቻቸው ነው፣ እኔና ረዳቴ ግን ሻሸመኔ ሳይጨናነቅ ለማለፍ ተጣድፈን ወጣን፣ አልሆነልንም።